ጫን ያለው

ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ዘንዘልማ ሳይደርስ፣
አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ ዝናብ የሚያፈስስ።
እዚያ ነው የማድረው፤ ዘይቱና ይማም፣
የሚዛን ተረኛ። ቁጥሩ አያንቀላፋ፣ ቁጥሩ አያዛጋም፤
የማዛጋው እኔ ነኝ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ከወረታ በኩል፣
ሁለት መብራት መጣ፣ አንደኛው ጭል ጭል የሚል፤
ተሳቢ አስከትሎ፣ ሸራው ተወጥሮ፣
የፎገራ ሩዝ ነው፣ እስከ አፉ ተቋጥሮ።

መድረኩ ላይ ወጣ። የፊቱ ጎማ ደህና።
ሁለተኛው ደህና።
ሦስተኛው አክስል ላይ ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣
ቆመ ስል ጨመረ፤ ቀዩ መብራት መጣ።
"አሥራ አንድ ኩንታል ትርፍ" አልሁት በመስኮቱ፤
"ከሕጉ በላይ ነው። ይታይ ወረቀቱ።"

ሾፌሩ በር ከፍቶ ወደ መሬት ዘለለ፤
ጠቅላላ ድምሩ ስልሳ ኪሎ ጎደለ።
ከዚያ ሁሉ ጭነት ቀላሉ እሱ ነበር።

"እህቴ" አለኝ፣ "ሩዝ ነው፣ ድንጋይ አይደል፤
ሰው የሚበላው ነገር ምን መንገድ ይበድል?
ባለንብረቱ ነው በኩንታል የሚከፍለኝ፤
አንዷን ባጎድልበት ቁልፉን የሚቀበለኝ።
ጎማውን እዪማ፣ ጥርሱ ተፍቆ አልቋል።
ይቺን ያዢ..." ሲል እጁ ከኪሱ ገብቷል።

"ኪስህን ተወው" አልሁ። ሌላ ምን ልናገር?
አባቴ ትዝ አለኝ፣ ደንገል ሲያስር፣ ሲያጠብቅ፣ ሲገትር፣
ከጣና ዳር ቁጢጥ ብሎ። ታንኳዋን ሲጨርስ
ከጎኗ ላይ ጣቱን አሳርፎ ልኳን ያሳያል፦
"ውኃው እዚህ ሲደርስ፣ ንጉሥም ቢሆን ይውረድ" ይላል።
የዘጌ ማገዶ ሊያሻግር የመጣ ነጋዴ
"አንድ እስር ብቻ፣ ይማም፤ አንድ እስር፣ ወንድሜ"
እያለ ሲለማመጥ፣ እግዜርን ሲጠራ፣
"እኔን ምን አስለፋህ፣ ተነጋገር ከውኃው ጋራ"
ብሎት ይስቅ ነበር።

ውኃ ቂም አያውቅም፤ ያኔውኑ ነው የሚቆጣው፤
ያበዛውን ሰው እዚያው በአፍንጫው ነው የሚያጠጣው።
አስፋልት ግን ቂመኛ ነው።
ዝም ብሎ ይሸከማል፣ ዝም ብሎ ይሰነጠቃል፣
ክረምት እስኪመጣለት አንጀቱን ይዞ ይጠብቃል፤
ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ከሐሙሲት ገበያ የምትመለስ ባጃጅ
ከጉድጓዱ ትገባለች፣
ሩዝ ያልጫነች፣ የማንም ዕዳ የሌለባት።
ይህን ሁሉ አላልሁትም።
"አሥራ አንዱ ይውረድ" ነው ያልሁት።

ቅጣቱን ልሞላ "ስም?" አልሁት። "ጫንያለው።"
ብዕሬ ቆመች።
ስም ያወጣለት ሰው ያን ቀን ምን ታይቶት ነው?
ጻፍሁት። በደረሰኙ ጥፋተኛው ጫንያለው ነው፤
"ጫን!" ያለው ግን ይሄኔ ከተማ አልጋው ላይ ነው፣
ብርድ ልብሱን ስቦ፣ ሚዛን ሳይረግጥ የተኛው።

ጆንያው በየተራ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤
ረዳቱ ልጅ፣ አበጀ፣ በጀርባው እየወሰደ
ከመንገዱ ዳር ደረደረው። አረንጓዴው በራ።
ጫንያለው ሞተር አስነሳ፤ አላመሰገነኝ፣ አልሰደበኝ፤
መስኮቱን ብቻ ዘጋው፣ እንደ ብርድ ቆጠረኝ።

አበጀ ሩዙ ላይ ቀረ፣ ሊጠብቅ፣
ጌታው እስኪመለስ፣ ሌሊቱ እስኪያልቅ።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሐይቁ በኩል አንዴ በረቀ።
ዝናብ። የሰኔ።
መስኮቴን የጋረድሁበትን ላስቲክ ገንጥዬ ወጣሁ፤
ግማሹን ለሩዙ፣ ግማሹን ለልጁ አለበስሁ።
ይህ መዝገብ ላይ የለም፤ የሚሞላበት ዓምድ አልተሰመረለትም።

ተመልሼ ተቀመጥሁ። መስኮቱ እንደ አፍ ተከፍቷል፣
ውኃው ወለሉን ይዞ ወደ ወንበሬ ይመጣል።
ጣቴን ከጠረጴዛው እግር ላይ አሳረፍሁ፦
"እዚህ ሲደርስ..." ብዬ ሳልጨርስ፣
ከወረታ በኩል ሌላ ሁለት መብራት አየሁ።